እታለምን መለመን

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት፣ በእኛ ሰፈር፣ ምን አለፋችሁ በፍኖተ ሰላም ሁሉ «አይ፣ በቃኝ» ማለት «ገና ነኝ፣ ለምኑኝ» ማለት ነበር። ቁጭ አድርጎ ያስተማረን ሰው የለም፤ አብረን አደግንበት። እንግዳ ይመጣል፣ ገበታ ይቀርባል፣ እንግዳው «እኔ እንኳ ቀምሼ ነው የወጣሁ» ይላል። ባለቤቷ «ኧረ በሞቴ» ትላለች። «አይ፣ ተይኝ እስቲ» ይላል። ባለቤቷ ብድግ ብላ ትቆማለች፣ ልጆች ይነሳሉ፣ ጎረቤት ሳይቀር ገብቶ ያግዛል። እንዲህ ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ጨዋ ሰው በአንድ ጥሪ ወደ ገበታ አይቀርብም። የቀረበ እንደሆነማ ወሬው ከሱ ቀድሞ አገሩ ይገባል፤ «ሳይጠሩት አቤት» የሚል ስም ይወጣለታል።

እንግዲህ በዚህ ያደግሁት ሴትዮ ዛሬ የምኖረው ኖርዌይ ነው፤ በርገን በምትባል፣ ዝናቧ እንደ ሐምሌ ዝናባችን ሆኖ መስከረም ግን የማይጠባባት ከተማ። ባለቤቴ የቡሬ ልጅ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ናሆም ገና ፊደል እየለየ ነው። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ቤታችን ጓደኛ ገብቷል፣ የማኅበር ሰው ገብቷል፤ ከአገር ቤት የመጣ የሥጋ ዘመድ ግን እግሩን አስገብቶበት አያውቅም። ስለዚህ ባለፈው «እታለም ሊመጡ ነው» ሲባል ደስታውም ጭንቀቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ወደዚህ አገር የመጡት ልጃቸውን ትርንጎን ሊያርሱ ነው። ትርንጎ ኦስሎ ትኖራለች። ሴትዮዋ መንገዱ ሲዘጋ እየጠበቁ፣ ሲከፈት እየተጓዙ ከቋሪት ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። የልጁ ክርስትና ካለፈ በኋላ «የወንድሜን ልጅ ቤት ሳላይማ አገሬ አልገባም» ስላሉ የትርንጎ ባል በባቡር ይዟቸው ሊመጣ ተቆረጠ። አንድ ሳምንት ከእኛ ጋር ሊሰነብቱ።

ዝግጅቱን ምኑን ልንገራችሁ። የራሳችንን አልጋ ለቀቅን፤ «ለኔ መሬቱ መች አነሰኝ» እንደሚሉ እያወቅሁ አንሶላ ገዛሁ። ከአገር ቤት የተላከችልኝን ቅቤ ከማቀዝቀዣው ጥግ አወጣኋት። ሽንኩርት ሳቁላላ የጭስ ደወሉ እየጮኸ፣ ናሆም ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ እያራገበለት፣ የታችኛው ጎረቤታችን በር እያንኳኳ «ደህና ናችሁ?» እያለ፣ ብቻ ዶሮው ተሠራ። የእንጀራውም ነገር እንደምንም ተወጣሁት። ግን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባል የለ? ፍትፍቱን አላጣሁትም፤ የፈራሁት ፊቱን ነው። እኔ ሥራ ስውል እታለምን ቁርስና ምሳ የሚያቀርቡላቸው ልጆቼ ናቸው፤ የክረምት ዕረፍታቸው ነበር። ልጆቼ ደግሞ ሰው መለመን አያውቁም።

እንግዲያ ላለማምዳቸው አልኩ። አንድ ቀን ከራት በፊት ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወንበር ላይ ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። «እታለም እኔ ነኝ፤ በይ አሁን ገበታ አቅርቢልኝ» አልኳት ሶልያናን።

«እታለም፣ ይበላሉ?» አለች ሳህን ይዛ።

«አይ፣ በቃኝ።»

«እሺ» አለችና ሳህኑን ወስዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው።

ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሰውነቴ ውሃ ሆነ። ይህቺ ልጅ አያቷን አታውቃትም፤ ሳትወለድ ነው የሞተችው። ያደረገችው ግን ልክ አያቷ ያደረገችውን ነው። ያ ነገር ደግሞ ቤታችንን ስንት ዓመት እንዳመሰው እኔ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች፤ አስተማሪ ሆና ፍኖተ ሰላም ስትመደብ ነው ከአባቴ ጋር የተዋወቁት። አባቴ የቋሪት ገበሬ ልጅ ነው፤ ተምሮ ግብርና የገባ። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት በጀርባ አዝለው፣ ከአፋቸው ነጥለው ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። እሱ «እታለም» ይላቸዋል፤ እኛም ልጆቹ ከሱ ሰምተን «እታለም» እንላቸዋለን። ስማቸው እናኑ መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እኔ የጡት ልጅ ሳለሁ እታለም የወንድማቸውን ሚስት ሊያዩ መጡ። አባቴ ያን ዕለት መስክ ወጥቷል። እናቴ ዶሮ ሠርታ ጠበቀቻቸው። «ይብሉ» አለች። «አይ፣ በቃኝ፤ ገበዝ ማርያም ቀምሼ ነው የወጣሁ» አሉ፤ የቋሪቷን ከተማ ማለታቸው ነው። «ኧረ ትንሽ» አለች። «አይ ልጄ» አሉ። እናቴ መሶቡን ከድና አነሳችው። አትፍረዱባት፤ ሰው አልፈልግም ያለውን በግድ ማብላት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት፤ በዚያ ላይ የባሏን እህት ማስቸገር ፈራች። እታለም ውሃ ጠጥተው አደሩ። ሲነጋ «ከብቱን ማን ያይልኛል» ብለው ወጡ። አገራቸው ገብተውም እናቴን አላሟትም። «የወንድምሽ ቤት እንዴት ነው?» ላላቸው ሁሉ ግን «ደግ ነው፤ ውሃው ይጠጣል» ይሉ ነበር።

በጎጃም እንዲህ ያለ ቃል እግር አለው። ገበያው አድርሶት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲያ እታለም ቤታችንን አልረገጡትም። አባቴ ቋሪት ሲሄድ ብቻውን ይሄዳል፤ እናቴን ሲጠይቁት «ትምህርት አላስወጣት አለ» ይላል። ከቋሪት ለፍርድ ቤት ወይ ለሐኪም የሚመጣ ዘመድ እንኳ መናኸሪያው አጠገብ ስንቁን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። እናቴ ይህን ታውቃለች። ገበታ ታቀርባለች፣ «በልተን ነው» ይሏታል፣ የምራቸውን በልተው ነው። ምን ታድርግ?

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የአባቴ የነፍስ አባት ቋሪት ድረስ ሄደው እታለምን ለመኑልን። እታለምም «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ» አሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ የሆነውን አልረሳውም፤ ትልቅ ሰውዬ ጓሮ ገብቶ ማንጎው ሥር ለብቻው ሲቆም አየሁት። ማታ ለእናቴ «አሁንም ሳይበሉ ከሄዱ እህት የለኝም። እናትም የለኝም» አላት። እናቴ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የዚያ ሰሞን የቤታችን ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ወለሉ ተለቅልቆ እርጥብ እበት ይሸታል፤ ከሳጥን የወጣው አንሶላ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ ጓዳው በኮረሪማና በሚነጠር ቅቤ ታውዷል። ግቢያችን የማንጎ አበባ ረግፎበት እኔና ወንድሜ በየቀኑ እንጠርጋለን። ሰኞ ማክሰኞ መጫወት የለ፣ አኩኩሉ የለ። «እታለም ሲመጡ» የማይባልበት ነገር አልነበረም። ጥፍራችንን ስንቆረጥ እንኳ ለእታለም ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን አባቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ነጠላ ራሱ ላይ ጣለ፣ አግዳሚው ላይ ተጎለተ፣ «እንግዲህ እታለም እኔ ነኝ» አለ። ጢሙ ከነጠላው ሥር ብቅ ብሎ። እኔና ወንድሜ መሬት ላይ ተንከባለልን። እናቴም መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጉርሻ ይዛ «ይብሉ» አለችው።

«አይ፣ በቃኝ» አለ አባቴ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ።

«እሺ» አለች እናቴ።

«ኧረግ! ምን እሺ ትያለሽ አንቺ ሴትዮ!» ነጠላው ከራሱ ወደቀ። እንደገና ለበሰው፣ እንደገና ተቀመጠ። ከዚያ እየደጋገመ አስረዳት። የመጀመሪያው እምቢታ ለወግ ነው፤ ማንም ይለዋል። ሁለተኛው የባለቤቷን ፊት ለማየት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ቁም ነገሩ፤ እዚያ ላይ ባለቤቷ ብድግ ብላ ቆማ፣ ጉርሻውን ይዛ፣ «በሞቴ» ብላ መማል አለባት። «በሞቴ ከተባለማ እታለም አይደሉም ድንጋይም አፉን ይከፍታል» አላት።

እናቴ ሁሉንም ቻለችው። ቆመች፣ «ኧረ ባይሆን ይቺን ብቻ» አለች፣ «እኔን ያስቀይሙኝ?» ማለት እንኳ ለመደች። «በሞቴ» የምትለው ቃል ላይ ግን ምላሷ ይታሰራል። እናቷን በልጅነቷ የቀበረች ሰው ናት፤ ሞት በዋዛ አይጠራም ትላለች። እኔና ወንድሜ ስንጫወት «በሞቴ» ካልን ትቆጣን ነበር። አባቴ ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። «ሌላ ነገር እላለሁ፤ እሱን ግን አትበሉኝ» አለች። አባቴ ነጠላውን አጥፎ አስቀመጠና ወደ ቤተክርስቲያን ሄደ።

እታለም መጡ። አይሱዙ ላይ ተሳፍረው፣ አንድ ጆንያ ድንችና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው። ቀይ፣ ረጅም፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ነበሩ። ጉንጫችንን ሳሙን፣ እናቴንም ሳሙ፣ «ይኼ ቆላችሁ እንዴት ያለ ነው እናንተ» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ አራገቡ። ወንድሜ እግራቸውን አጠበ። እኔ የእጅ ውሃ አስታጠብኳቸው፤ ውሃውን ሳፈስ ጉልበታቸው ላይ ደፋሁት። «እደጊ» ብለው መረቁኝ። የነፍስ አባታችን በረከት ሰጡ፣ አባቴ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ እናቴ መሶቡን ከፈተች።

«ይብሉ እታለም።»

«አይ፣ በቃኝ። እኔ እንኳ ገበዝ ማርያም ቀምሼ ነው የወጣሁ።»

ያቺው ቃል። ከጡት ልጅነቴ ጀምሮ የቆየችው ቃል። አባቴ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እናቴ «ኧረ ባይሆን ይቺን ብቻ» አለች። «አይ ልጄ፣ አትድከሚ» አሉ። እናቴ ብድግ ብላ ቆመች። ከዶሮው መላላጫ ጠቅልላ ያዘች። «እኔን ያስቀይሙኝ?» አለች። እታለም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ። እንግዲህ የቀረችው ያቺ አንድ ቃል ናት። ቤቱ ሁሉ የእናቴን አፍ ያያል። ከጉርሻው ወጥ እየተንጠባጠበ በአንጓዋ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እኔ በልቤ «በይ እንጂ እማዬ፣ በይ» እላለሁ። ቃሉ አልወጣም። በምትኩ እንባዋ ወጣ።

«እታለም» አለች፣ «እኔ እናት የለኝም። እንግዳ ሲለመን አይቼ አላደግሁም፤ ልመና ያስተማረኝ ሰው የለም። ካላወቅሁ ያስተምሩኝ እንጂ ተርበው አይሂዱብኝ።»

እታለም ቀስ ብለው ፊታቸውን ከበሩ መለሱ። እናቴን ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት፣ ገና አሁን ቤቱ የገቡ ይመስል። «ኧረ አፈር ስሆን!» አሉ። «ታዲያ ያኔ እንዲህ አትይኝም ኖሯል?» አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ። እያኘኩ እንባቸው ይወርዳል። ውጠው ሳይጨርሱ በተራቸው ጠቀለሉ፣ እናቴን በክንዷ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና «በይ፣ እኔ ልሙት፣ ጉረሺ» አሏት። እናቴ በአንድ ጥሪ ጎረሰች። አባቴ ጓሮ ወጣ፤ የት እንደሚቆም አወቅሁ።

እታለም ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሰነበቱ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ እናቴን ልመና አስተማሯት። የቋሪት ዘመድ ሁሉ ከመናኸሪያ ባዶ ሆዱን ይመጣ ጀመር፤ እናቴ ቆማ ስትለምን የሰፈሩ ሴት «ይቺ የአዲስ አበባ ልጅ ናት ያላችሁን?» እስኪል ደረሰች። «በሞቴ»ን ግን እስከ ሞቷ አንድ ቀን አላለችም። የሷ ልመና ያቺው ነበረች፤ «ካላወቅሁ አስተምሩኝ እንጂ ተርባችሁ አትሂዱብኝ»። እሷን ስንቀብር ከኛ ከልጆቿ ይልቅ ያለቀሱት እታለም ናቸው። «ልጄ» እያሉ ነው ያለቀሱላት።

እንግዲህ ሶልያና ሳህኑን ማቀዝቀዣ ስትከት ውሃ የሆንኩት ለዚህ ነው። እነዚያ ሴት በስተርጅና ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ የዚያች የወንድማቸው ሚስት ልጅ ቤት ውሃ ጠጥተው ሊውሉብኝ? ልጄን አስቀምጬ ይህን ሁሉ ታሪክ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ ግን «እማ፣ አይ ብለዋልኮ» አለች። «ትምህርት ቤት፣ ሰው አይ ካለ ይተዋል ብለውናል።» ደግ ትምህርት ነው። እኔም ራሴ ነግሬያታለሁ፤ ነገ ተነገ ወዲያም እነግራታለሁ። «ለምግብ ብቻ ነው፤ ለእታለም ብቻ» አልኳት። «እሳቸው አይ ሲሉ አትተዪኝ ማለታቸው ነው።» «እሺ፣ እንደ ጨዋታ» አለች። እንደ ጨዋታ ይሁን።

ከዚያ በየቀኑ ተለማመድን። እኔ ነጠላ ለብሼ እምቢ እላለሁ፣ እሷ ትለምነኛለች። ናሆምም ከጎኗ ቆሞ «ኧረ ትንሽ! ኧረ ትንሽ!» ይላል። «አፈር ስሆን» ማለትን ለመደች፤ አፈር ለምን እንደምትሆን ግን አልገባትም። «በሞቴ»ን አላስተማርኳትም። ከእናቴ የወረስኩት ነገር ነው መሰለኝ፣ ከዚያች ትንሽ አፍ ልሰማው አልፈለግሁም።

ቀኑ ደረሰ፤ ባለቤቴ ጣቢያ ሄዶ አመጣቸው። አጥረዋል። ያ ረጅም ቁመታቸው ወዴት እንደገባ እንጃ። ከነጠላቸው ላይ ትርንጎ የገዛችላቸውን ወፍራም ካፖርት ደርበው፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በአንድ እጃቸው የበሶ ከረጢት ይዘው ደረጃውን ወጡ። ተቃቀፍን። አንገታቸው ሥር ያው የድሮው ሽታ አለ፤ ቅቤና የገብስ ቆሎ። ብዙ አለቀስን፤ ልጆቹ ግራ ገባቸው።

ገበታው ቀረበ። የትርንጎ ባል በዚያው ባቡር ሊመለስ ቸኩሎ ነበርና እሱን አስቀድመን አበላነው። ሶልያና እጇን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ጉርሻዋን ጠቅልላ እታለም ፊት ቆመች። አቋቋሟ ልክ ነው። «እታለም፣ ይብሉ» አለች።

«እሺ የኔ እመቤት» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ልጄ ጉርሻውን እንደያዘች ደረቀች። ዞር ብላ አየችኝ። «እማ፣ እሺ አሉኮ» አለች በሹክሹክታ። «አጉርሻቸዋ» አልኳት። አጎረሰቻቸውና ከንፈሯን ጥላ ተቀመጠች። እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ስትለመን ወጥ የምታቀዘቅዝ ሴት፣ አባቴን ጓሮ ያስቆመች ሴት፣ በአንድ ጥሪ? ማን እንዲህ አደረጋቸው?

«ምነው እታለም» አልኩ፣ «እንዲህ ባንዴ እሺ?»

«ትርንጎ መክራኝ ነው» አሉ እያኘኩ። «እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቅ፤ አይ ካልሽ ያነሱታል፣ ሁለተኛም አይሉሽ፣ ተርበሽ እንዳትሞቺ ብላኛለች። የመጣሁ ሰሞን በሷም ቤት ሁለት ቀን ጦሜን ውያለሁ፤ ባሏ የዚህ አገር ሰው ሆኗል። ደግሞ እኔ ያንቺ እናት ቤት ውሃ ጠጥቼ ያደርኩት አይበቃኝም ወይ?» ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ ሥር ግን አዘንኩ። እኛ እሳቸውን ለመለመን ስንሰናዳ፣ እሳቸው ኦስሎ ሆነው ላለመለመን ሲሰናዱ ከርመዋል።

ከዚያ ሶልያናን አዩ። «ይቺ ልጅ ምነው አኮረፈች?»

«እምቢ ይላሉ ብላ ስትለማመድ ነው የከረመች» አልኳቸው። «ሳምንቱን ሙሉ እኔ እርስዎን ሆኜ።»

እታለም ማኘካቸውን አቆሙ። ልጄን አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ፣ ፊታቸውን ዝናቡ ወደሚመታው መስኮት አዞሩ። «እኔስ፣ በቃኝ» አሉ። «ኦስሎ ቀምሼ ነው የወጣሁ።»

ልጄ እንዴት ብላ እንደተነሳች ብታዩ። ወንበሩ ወደቀ። «ኧረ ትንሽ!» አለች። «አይ» አሉ። «እኔን ያስቀይሙኝ?» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ጠግቤያለሁ፣ አትድከሚ።» «አፈር ስሆን!» «አይ ልጄ፣ ተይኝ እስቲ።» ናሆም ጠረጴዛው ሥር ሆኖ «ኧረ ትንሽ» ይላል። የምታውቀው ሁሉ አለቀባት። ጉርሻው በእጇ ላይ እየፈረሰ ወጡ በአንጓዋ ወረደ። ወደ እኔ ዞረች።

እታለም ከነጠላቸው ሥር ሆነው በዝግታ «ያያትሽን ልመና ላስተምርሽ?» አሏት። «እንዲህ በይ፤ ካላወቅሁ ያስተምሩኝ እንጂ።»

«ካላወቅሁ ያስተምሩኝ እንጂ» አለች ልጄ።

«ተርበው አይሂዱብኝ።»

«ተርበው አይሂዱብኝ» አለች።

እኔ ጓዳ ገባሁ። ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። እናቴን ነው የሰማኋት፤ ያ ድምፅ ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር። ያኔ ቤት ሙሉ ሰው ተነስቶ አንድ ሰው ይለምን ነበር፤ ችኩልነት የለ፣ ሰዓት የሚያይ የለ፣ ወጥ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። እዚህ አንዴ ጠይቀው ያምኑሃል፤ ይኼም የራሱ ክብር አለው፣ አልክድም። ግን ሰው አንዳንዴ መብላቱን ሳይሆን መለመኑን ይራባል። እኔ ራሴ በመጣሁ ሰሞን ስንት ቤት «አይ፣ በቃኝ» ብዬ ተርቤ ወጥቻለሁ። አሁን ለምጄዋለሁ። መልመዴ ነው የሚያሳዝነኝ።

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እታለም ጎርሰው ነበር። ልጄ በሁለት እግሯ እየዘለለች ነው። እታለም በተራቸው ትልቅ ጉርሻ፣ ከነእንቁላሉ፣ ጠቅልለው ያዙ። «በይ አንቺም፣ በሞቴ» አሏት። ሶልያና ለዶሮ ወጥ ነፍሷ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲሸታት ውሏል። ልትከፍተው የነበረውን አፏን ገጠም አደረገች። መዳፏን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አይ፣ በቃኝ» አለች፣ በዓይኗ ጠርዝ እታለምን እያየች።